ነፍሰ ጡሯ የጠጣችውን ማን ጠየቃት?

ከሀገር በቀል ዕፅዋት የቫይረስ መድኃኒት ሊገኝ ነው የሚል ዜና ሲነገር እኔ ቀድሜ የምፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ይሆናል ወይ? ይህ ጥያቄ በዜናው ውስጥ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። በማርች 2020 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፣ ከባህል ሕክምና ዕውቀት የተነሳ የኮቪድ-19 መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ምርምሩን እንዳለፈ ሲያስታውቅ አልሰማሁም። በቀጣዩ ወር የማዳጋስካሩ ፕሬዚዳንት አንድሪ ራጆሊና በአርቴሚሲያ የተዘጋጀውን መጠጥ ካሜራ ፊት እየጠጡ ሲያስተዋውቁም አልሰማሁም። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጥያቄውን ያነሱት በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍላችን በር ላይ ወረፋ የያዙ ሴቶች ናቸው። «ሲስተር፣ እኔስ ብጠጣው ምን ይለኛል?» ይሉኝ ነበር።

በሰሜን ሸዋ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ዕፅዋትና ስለ ቫይረስ ስጽፍ ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከዚህ ክፍል ተነስቼ ነው። ከዚህ ክፍል ሲታይ ደግሞ ነገሩ ወደፊት የሚመጣ ተስፋ አይደለም፤ ዛሬም በየቤቱ እየተደረገ ያለ ነው። ምች የመታት ዳማከሴ ታሽታ በቡና ትጠጣለች። ጉንፋን የያዛት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ትወስዳለች። ሆዷን የቆረጣት ጤና አዳም፣ ዐይኗ ቢጫ የሆነባት ደግሞ ሰንሰል ይጨመቅላታል። እርጉዝ ስለሆነች ይህ አይቋረጥም። እንዲያውም የፋብሪካ ክኒን ጽንሱን ይጎዳብኛል ብላ የምትሰጋ ሴት ቅጠሉን እንደ መሸሻ ትቆጥረዋለች።

በጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል ላይ የነበሩ እናቶች ተጠይቀው በ2017 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ በእርግዝናቸው ወራት የዕፅዋት መድኃኒት መውሰዳቸውን አሳይቷል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሁለቱም የወጥ ቤት ዕቃዎች ናቸው። እንቅልፍ የሚነሳው ሌላው ቁጥር ነው። ከወሰዱት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ለሐኪማቸው አልተናገሩም። የማይናገሩበትን ምክንያት ሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብትናገር የሚጠብቃት ቁጣ ነው፤ «ማን ጠጪ አለሽ?» ይባላል። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ካርዷም ባዶውን ይመለሳል።

አንድ ክረምት ላይ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር አማቷ ደግፈዋት መጣች። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የታችኛውን የዐይኗን ሽፋን ሳብ ሳደርገው ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሽንቷ ጠቁሯል፤ ምግብ ሲሸታት ያስመልሳታል። ይህን ሁሉ ሌላ ሴት ላይም አይቻለሁ። ያስፈራኝ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ነው፤ ብዙ አሰበችና የሌለ ቀን ነገረችኝ። ጉበት ሥራውን ሲያቆም መጀመሪያ ከሚታወክባቸው አንዱ አእምሮ ነው። «ምን ጠጥተሻል የኔ እህት?» አልኳት። መልስ የለም፤ ቀና ብላ አማቷን አየች።

አማትየውን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። «እማማ፣ እኔ አልቆጣም። ሆስፒታል ያለው ሐኪም የሚያክማት ይህን ካወቀ ነው። ምን ሰጧት?» አልኳቸው። ከነጠላቸው ሥር የውኃ ሃይላንድ አወጡ። ከሥሩ ትንሽ የቀረ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ነበረበት፤ ሲነቀነቅ አረፋ ያወጣል። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው የተቀጠቀጠ ቅጠል መራራ ሽታ አለው። «ሰንሰል ነው ልጄ፤ ለወፍ በሽታው። በባዶ ሆዷ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ብርጭቆ ነው የሰጠኋት። እኔም ልጅ ሆኜ ድኜበታለሁ» አሉኝ። ሌላ የተቀላቀለበት ነገር እንዳለ ጠየቅኩ። «እሱን የቀመሙት ሰውዬ ናቸው የሚያውቁት» አሉ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ይህን የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ከፊርማዬ በታች በእጄ ጽፌ፣ ሃይላንዱን ጭምር በአምቡላንሱ ላክሁት። እናትየው ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። የወፍ በሽታው ቫይረስ ነው የገደለው? ሰንሰሉ ነው? አብሮት የተቀመመው ሌላ ነገር ነው? ይህን ሊነግረኝ የቻለ ሰው የለም፤ ሊነግረኝ የሚችልበት ጥናትም የለውም።

አማትየው ዋሽተው አይደለም። የወፍ በሽታ ከምንለው ውስጥ በውኃና በምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ አብዛኛውን ሰው ለጥቂት ሳምንታት አሠቃይተው በራሳቸው ይለቃሉ። በነዚያ ሳምንታት ሰንሰል የጠጣ ሰው ሰንሰል አዳነኝ ይላል፤ ግራዋ የጠጣም ግራዋ ይላል፤ ዐይኑ ሲነጣ ያየ ጎረቤትም ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ምስክርነት ለዘመናት ተጠራቅሞ ነው አንድ ቅጠል «የወፍ መድኃኒት» የሚል ስም የሚያገኘው። ሄፓታይተስ ኢ እርግዝናዋ የገፋ ሴት ላይ ሲያርፍ ግን በሽታው ሌላ በሽታ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከሚያዙት መቶ ነፍሰ ጡሮች ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። በባሏ፣ በወንድሟ፣ ልጅ በነበሩት አማቷ ላይ የሠራ የሚመስለው ነገር ለእሷ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ቫይረስ ደግሞ እኛን ያውቀናል። በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ ተነስቶ ነበር። መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ በሌለበት፣ ጎርፍ ምንጩን በሚያደፈርስበት ቦታ ሁሉ ሊነሳ ይችላል። የእኛ ጤና ጣቢያ የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ አለው፤ የኢ የለውም። መድኃኒቱስ? ሌላ ሰው ላይ ሲከፋ የሚሞከረው ሪባቫይሪን ጽንስን ስለሚያበላሽ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ነው። ቻይና በ2011 የፈቀደችው ሄኮሊን የተባለ ክትባት አለ፤ በ2022 በደቡብ ሱዳን ቤንቲው መጠለያ ወረርሽኝ ለመግታት ሲሰጥ ነፍሰ ጡሮችም ተካተዋል። እሱም ቢሆን ይከላከላል እንጂ የታመመችውን አያድንም። የታመመችው እጄ ላይ ስትሆን የምሰጣት ግሉኮስ፣ ክትትልና አምቡላንስ ነው።

እንግዲህ ተመራማሪው ወደ ዕፅዋት ቢያማትር በምን አንደበቴ ተው እለዋለሁ? ፈልግልን ነው የምለው። ከልቤ ነው። በእርግዝና ጊዜ ለሚመጡ ቫይረሶች ያለን መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ በምድራችን ላይ ያልተመረመረው ቅጠል ደግሞ ብዙ ነው። የምለምነው ፍለጋው ነፍሰ ጡሯን አስቀድሞ እንዲያይ ነው።

ምርምሩ እንዴት እንደሚጀመር ላስረዳ፤ ዜናውን የሚያነብ ሰው ይህን ቢያውቅ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሜታኖል ወይም በኢታኖል ተዘፍዝፎ ውስጡ ያለው ይወጣል። ከዚያ ሳህን ላይ በበቀሉ ሴሎች ላይ ቫይረስ ይለቀቅና ያ ውጣጭ ይጨመርበታል። ቫይረሱ መባዛቱን ከቀነሰ «ተስፋ ሰጪ» ተብሎ ይጻፋል። በረኪናም እኮ ሳህን ላይ ያለ ቫይረስ ይገድላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር መግደሉ ሳይሆን ቫይረሱን በሚገታው መጠንና ሴሉን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው፣ ያ መጠን በሰው ደም ውስጥ ሊደረስበት መቻሉ ነው፤ ሳህን ላይ የሠራው ሆድ ውስጥ ሳይሰረግ ይቀራል፣ ወይም ጉበት ገና ሲያገኘው ይሰባብረዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በሜታኖል የወጣውና አማትየው በውኃ የጨመቁት አንድ ነገር አይደሉም፤ ሜታኖል የሚያወጣውን ውኃ ላያወጣ ይችላል፣ ውኃ የሚያወጣውንም ሜታኖል ላያወጣ ይችላል። ቅጠሉ በበጋ መቆረጡና በክረምት መቆረጡ፣ ሥሩ መሆኑና ቀንበጡ መሆኑ ሁሉ ለውጥ ያመጣል።

በዚህ ሁሉ ላይ እርግዝና ሲጨመር ጥያቄው ይከብዳል። የእንግዴ ልጅ ጽንሱን ከሁሉ ነገር የሚጋርድ ግድግዳ አይደለም፤ ትናንሽ ሞለኪውሎች ያልፉታል። የሕፃኑ ልብ፣ አንጎልና እጅ እግር መሠረታቸው የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗን እርግጠኛ ሳትሆን ማለት ነው። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከመቶ 28 ናቸው። ሌሎቹ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ያ ጊዜ አልፏል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ዕፅዋት ጽንሱን ሳይነኩ ማህፀኑን ያኮማትሩታል፤ ውጤቱ ያው ነው።

የዕፅዋት መድኃኒት ቫይረስን አያሸንፍም የሚሉትን አልቀበልም። ኦሴልታሚቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ከ1999 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው። ለረጅም ጊዜ መነሻ ጥሬ ዕቃው ሺኪሚክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ሆኖ፣ የሚወጣውም በቻይና ከሚበቅል በኮከብ ቅርጽ ከሚያፈራ ቅመም ነበር። በ2009ኙ የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው ይበልጥ ሲጎዱ የተሰጣቸው ይኸው መድኃኒት ነው፤ ዛሬም ኢንፍሉዌንዛ ለያዛት ነፍሰ ጡር ይመከራል። ቅመሙን አፍልቶ የጠጣ ሰው ግን ከኢንፍሉዌንዛ አይድንም። በቅመሙና በመድኃኒቱ መካከል ረጅም የኬሚስትሪ ሥራ፣ ከዚያም ስንት የደህንነት ፍተሻ አለ። በተቃራኒው ፖዶፊሊንን ተመልከቱ። በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅል ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው። ቫይረስ የሚያመጣውን የብልት ኪንታሮት ያከስማል፤ ለዓመታት ያገለገለ እውነተኛ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ሴል እንዳይከፋፈል በማገድ ነው። ጽንስ ደግሞ ሁለመናው የሚከፋፈል ሴል ስለሆነ ለነፍሰ ጡር በፍጹም አይሰጥም። አንዱ ተክል ለነፍሰ ጡሯ መዳኛ ሆነ፣ አንዱ መርዝ። ሁለቱንም ከመመርመራቸው በፊት ማንም በሽታቸውም በመልካቸውም ሊለያቸው አይችልም ነበር።

የሚፈጀው ጊዜም ያሳዝነኛል። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ወባ ቫይረስ አይደለም፤ ነገር ግን የዕፅዋት መድኃኒት ወደ ነፍሰ ጡር እስኪደርስ ምን ያህል እንደሚዘገይ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከባልደረቦቿ ጋር አርቴሚሲኒንን ከአርቴሚሲያ ቅጠል ያወጣችው በ1972 ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራትም አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ ማለትም ኮአርተም፣ ይሰጥ ብሎ የመከረው በ2022 ነው። ሃምሳ ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባ ለያዛት ሴት ሲሰጣት የኖረው ኩዊኒን ነበር። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያጎደላቸው ከ10,000 በላይ ሕፃናት ለዓለም የማይረሳ ትምህርት ሆነዋል። ነገር ግን ጥንቃቄ ማለት ነፍሰ ጡሯን ከጥናት ማስወጣት ብቻ ከሆነ፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ክትትል ሳይኖራት፣ ቤቷ ውስጥ እንድትሞክረው ትተናታል ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ የሄደችበትንም መንገድ መርሳት የለብንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሀገሪቱ ጤና ሚኒስትር ማንቶ ሻባላላ-ምሲማንግ ለኤችአይቪ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቀይ ሥርና የአፍሪካ ድንች የሚባለውን ተክል እያሞገሱ፣ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የሚቀንሰው ኔቪራፒን እንዲዘገይ አደረጉ። በ2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ እስከ ማዘዝ ደረሰ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ሲያሰሉት፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናው በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ 35,000 ሕፃናትም ሊተርፉ ሲችሉ ቫይረሱ ይዟቸው ተወልደዋል። በሀገራችን ከ2013 ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ የተገኘ ነፍሰ ጡር ሁሉ ዕለቱን መድኃኒት እንድትጀምር በመደረጉ ምን እንደተለወጠ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ነጻ ሆነው የተመረመሩ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለ ነጭ ሽንኩርት ክፉ የምናገረው የለኝም። ያለውን መድኃኒት ቦታ እንዲይዝ መደረጉ ነው ጥፋቱ።

ዛሬ ይህ በሄፓታይተስ ቢ ላይ እየሆነ ነው። ምርመራዋ ፖዘቲቭ የሆነች ነፍሰ ጡር ውጤቷን ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ጎረቤት ጉበት የሚያጥብ ቅጠል ይጠቁማታል። የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ለሆነባት ሴት ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር እንዲሰጣት የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መክሯል፤ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንዳለበት ይታወቃል። እንዲህ ያለ መንገድ እያለ ወራቱ በቅጠል ሲያልፍ ከማየት የበለጠ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ደግሞ ሁሉንም ቅጠል በአንድ ዐይን ማየት ትክክል አይደለም። ዳማከሴ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ የሀገራችን ተመራማሪዎች ካሳዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ምች የመታው ሰው ቀለለኝ ሲል ምክንያት አለው። ትኩሳት ማብረድና ቫይረስ መግደል ግን ይለያያሉ። ለነፍሰ ጡር በምን ያህል መጠን እንደሚፈቀድ የሚናገር መመሪያም እጄ አልገባም። ጤና አዳም ደግሞ ቡና ላይ ጣል የሚደረግ አንድ ዘለላና ታሽቶ በብርጭቆ የሚጠጣ ጭማቂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በብዙ ሀገር ሴቶች ጽንስ ለማስወረድ የሚጠቀሙበት ተክል ነው፤ በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጽንሱን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። «ቡናሽ ላይ ያለውን አትፍሪው፤ ጭማቂውን ግን በምንም ምክንያት እንዳትጠጪ» ስላት ሴትየዋ ትሰማኛለች። «ቅጠል የሚባል አትንኪ» ስላት ግን አማቷ ዘንድ ስትደርስ ትረሳኛለች።

እንዲህ ያለውን ልዩነት በልበ ሙሉነት ለመናገር የሚያበቃኝ ጥናት ነው የምጠይቀው። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚሠራ ብዙ ጎበዝ ሰው አለ። አዲስ ተክል ሳህን ላይ ባለ ቫይረስ ላይ መሞከር በመጽሔት ለመታተም ይመቻል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ነፍሰ ጡሮቻችን ዛሬ የሚጠጧቸው፣ በጣት የሚቆጠሩት ተክሎች እንዲቀድሙ እለምናለሁ። ሰንሰል፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ግራዋ። በውኃ ተጨምቀው፣ ሴቶቹ በሚጠጡት ልክ፣ በእርጉዝ እንስሳት ላይ ጉዳታቸው ይታይ። ቫይረስ ይገድላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጽንስ የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ቫይረሱን መግደሉ ለእኛ ክፍል ምን ይፈይዳል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ በማየት ነበር፤ ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኛቸው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር በሕዝቡ እጅ እንዳለ የተረዳው ከዚያ ነው። ያን ትኩረት፣ ያን ወደ ሰው ኑሮ ጠጋ ብሎ የማየት ልማድ ወደ ነፍሰ ጡሯ ብርጭቆ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። እንዶድም ራሱ ሌላ ታሪክ አለው፤ ጽንስ ለማስወረድ ጠጥተው የተጎዱ ሴቶችን የማያውቅ አዋላጅ ጥቂት ነው። አንድ ፍሬ ለወንዙ መድኃኒት፣ ለሴቲቱ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ይህ ብቻ ይበቃል።

የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችን ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም። የሰንሰሉን ጭማቂ የቀመሙት ሰውዬ ምን እንደጨመሩበት ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን ለሆስፒታሉ የምልከው መረጃ ሙሉ በሆነ ነበር። የማይነግሩኝ ዕውቀታቸውን እንዳይነጠቁ ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከዕውቀታቸው መድኃኒት ቢገኝ ድርሻቸው የሚጠበቅበት ግልጽ ውል ይኑር። እስከዚያው ቢያንስ አንድ ነገር እንስማማ፤ እርጉዝ ሴት ስትመጣባቸው ወደ እኛ ይላኳት። በአካባቢያችን ያሉ አንድ አዛውንት ይህን ጀምረዋል፤ ዐይኗ ቢጫ የሆነባትን ነፍሰ ጡር «መጀመሪያ ሲስተር ትይሽ» ብለው ይመልሷታል።

ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው ደግሞ ገንዘብ የማይፈጅ ነገር ነው። የእናቶች ክትትል ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ከፀነሰች ወዲህ ለሕመም ብላ የጠጣችው፣ የታጠነችው፣ የተቀባችው ነገር፣ ስሙ፣ መጠኑ፣ ከስንተኛ ወሯ ጀምሮ። የሪፈር ወረቀቱም ላይ እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ ይጠይቁት፤ በየወሩ ነፍሰ ጡሮች ተሰብስበው ገንፎና ቡና በሚቀርብበት ኮንፈረንስ ላይ ይነሳ። እዚያ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ የሚወጣው ነገር ክፍላችን ውስጥ ብቻቸውን ቢጠየቁ አይወጣም። መዝገቡ ከየጤና ጣቢያው ተሰብስቦ ከወሊድ ውጤቱ ጋር ቢነጻጸር፣ የትኛው ቅጠል ካለጊዜው ከመውለድ ጋር፣ የትኛው ከጽንስ ሞት ጋር አብሮ እንደሚታይ ፍንጭ ይሰጣል። ተመራማሪው ከየት ልጀምር ቢል ዝርዝሩ እዚያ ይጠብቀዋል።

እስከዚያው ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ነፍሰ ጡሮች፣ ባሎችና አማቶች፤ ዐይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ ትኩሳቱ ካልለቀቃት፣ ንግግሯ ከተምታታ ቀን አትቁጠሩ። የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም አምጧት። የጠጣችው ነገር ካለ አትደብቁት፤ ጭማቂው የቀረውን በዕቃው፣ ከተቻለም ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ ይዛችሁ ኑ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፤ ከስንት ቀን በፊት እንደጀመረችና በቀን ስንት ጊዜ እንደጠጣችም ንገሩት።